የግራ ጎን ስፌት

ይሄ የምነግራችሁ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ነገር ከራሴ ጨምሬ ከሆነ ቀኝ እጄ አይታዘዘኝ። መሐል ላይ ስትደርሱ «ኧረ ተወን እባክህ!» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ከእናንተ በፊትም ብለውኛል። ቀሚሱ ግን እስከ ዛሬ አለ። ቢጫነቱም ፍንክች አላለም።

በለቅሶው ሁለተኛ ቀን ጠዋት ነው። ቤቱ በሰው ጢም ብሎ፣ ሟቹ ምን ያህል ደግ እንደነበር በየተራ እየተነገረ ሳለ የመርፌ ቁልፏ ተፈናጠረች።

ኮሌታ ከወንበሯ ልትነሳ ብድግ ስትል ነው። የለበሰችው የሟች ባሏን የሥራ ጋዎን ነበር። ሰባት ወር በሞላው ሆዷ ላይ ቁልፎቹ አልደርስ ቢሏት፣ ሁለቱን ጫፎች በአንዲት የመርፌ ቁልፍ አያይዛ ነበር የዋለችው። የመርፌ ቁልፏም የምትችለውን ያህል ቻለች። ከዚያ ጧ! ብላ ተከፈተችና ክፍሉን አቋርጣ በርራ የአንዲት አስተዛዛኝ ሻይ ውስጥ ጥልቅ አለች።

ሴትዮዋ ብርጭቆዋን አየች። ኮሌታን አየች። ለቅሶ ቤት ነውና ሻይዋን በጥርሷ እያጠለለች ጨረሰች፣ የመርፌ ቁልፏን በሶፍት ጠረገች፣ ከመቀመጫዋም ተነስታ በክብር መለሰችላት።

«እግዜር ያጽናሽ» አለቻት፣ በዚያው።

ኮሌታ ጋዎኑን በሁለት እጇ ግጥም አድርጋ ይዛ ወደ መኝታ ክፍል ገባች።

«ኮሌታ» የሚሏት ፋብሪካ ውስጥ ነው። በደንብ ልብስ ፋብሪካው ሰው የሚጠራው በሚሰፋው ነው፤ እጅጌ የምትሰፋዋ እጅጌ፣ ኪስ የምትሰፋዋ ኪስ። «ኪስ ዛሬ ቀረች?» «ኪስን ራሷን አሟታል፤ እጅጌ ግን ገብታለች።» አዲስ ሰው ሰምቶ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። እሷም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ኮሌታ ብቻ ስትሰፋ ኖራለች። ዓይኗን ጨፍና ትሰፋዋለች። ከአንገት በታች ያለውን ብትጠይቋት ግን «እሱን እነ እጅጌን ጠይቁ» ነው መልሷ። የከተማውን ዘበኛ፣ ሾፌርና ተማሪ ሁሉ አንገት ስታለብስ የከረመች ሴት፣ አንድ ሙሉ ልብስ ከላይ እስከ ታች ሰፍታ አታውቅም ነበር።

የሟቹ ታላቅ እህት ተከትለዋት ገቡ። ኮሌታ «እትዬ» ነው የምትላቸው። በክንዳቸው ጥቁር ቀሚስ አንጠልጥለዋል።

«ለጊዜው ይቺን ልበሺ። ከዳቦ ቤቷ ሴትዮ ተውሼ ነው። እሷን የቻለ ቀሚስ አንቺን ያቅተዋል?»

አቃተው። ትከሻው ክርኗ ድረስ ወረደ፤ እጅጌው ጣቶቿን ዋጠ፤ አንገቱ ሁለት ሰው ያስገባል። ሆዷ ላይ ሲደርስ ግን ግጥም! የዳቦ ቤቷ ሴትዮ በሁሉም አቅጣጫ ሰፊ ናት፤ በዚያ በኩል ግን አርግዛ አታውቅም።

እትዬ ዙሪያዋን ዞረው አዩዋት። «ቁጭ ካልሽ ይቀደዳል። በቃ ቆመሽ አልቅሺ።»

«እኔ ልብስ አለኝ እኮ፣ እትዬ።»

«የታለ?»

ኮሌታ ዓይኗን ወደ አልጋው ሥር ላከች። ሦስት ጆንያ ተደርድሯል። እትዬ ጎንበስ ብለው የአንዱን አፍ ፈቱት፤ ውስጡ የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ ጨርቅ ተቆራርጦ ታጭቋል።

«ይሄ ቡትቶ ነው እንጂ ልብስ ነው? ደግሞ ቢጫ!»

«እሱ ነው የቆረጠልኝ።»

እትዬ የጆንያውን አፍ ቀስ ብለው መልሰው አሰሩት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሐዘን ሲይዛቸው የሰው ቤት የሚያጸዱ ዓይነት ነበሩ። «ስሚኝ የኔ ልጅ። በሰባተኛው ቀን መቃብሩ ላይ ድንጋዩ ይቆማል። ዘመዱ፣ የፋብሪካው ሰው፣ አለቃው ሳይቀር ይመጣል። ወንድሜ መሳቂያ አይሆንም። አንቺም ብቻሽን አትወልጂም፤ እኔ ጋ ነው የምትመጪው። ይሄን ሁሉ በስድስተኛው ቀን ፍራሽ ሠሪው መጥቶ ይወስደዋል። ተነጋግረን ጨርሰናል።»

«አንድ ስፌት ነው የቀረው» አለች ኮሌታ።

እትዬ አልሰሟትም። ደጅ ላይ አዲስ ለቀስተኛ ደርሶ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር።

እውነቷን ነው። ከጆንያዎቹ በአንደኛው ውስጥ፣ ከላይ፣ ኮሌታው የገባ፣ እጅጌው የተገጠመ፣ ቀኝ ጎኑ የተሰፋ አንድ ቀሚስ ነበር። የግራ ጎኑ ብቻ ከእጅጌው ጫፍ እስከ ታች ክፍት ነው። እንግዲህ ኮሌታ የምትፈልገው በዓለም ላይ ሌላ ምንም አልነበረም፤ ባሏ የቆረጠላትን ለብሳ ባሏን መሸኘት። ፍራሽ ሠሪው እስኪመጣ አራት ቀን ቀርቷል።

አንድ ሰው ሦስት ጆንያ ሙሉ ቢጫ ጨርቅ ለምን ይቆርጣል ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። መጠየቅ ያለበት ነገር ነው።

ባሏ የፋብሪካው ቆራጭ ነበር። በአዳራሹ ጫፍ፣ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ፣ ጨርቅ በጨርቅ ላይ ሠላሳ ጊዜ ይደራርባል፤ በጠመኔ ያሰምራል፤ ከዚያ በኤሌክትሪክ ቢላዋው ሠላሳውን ባንዴ ይቆርጣል። በሕይወቱ አንድ ልብስ ብቻ ቆርጦ አያውቅም።

ባረገዘች በአራተኛው ወር ጉርዷ አልዘጋ አላት። ሱቅ ዞራ መጣች፤ የእርጉዝ ልብስ ተብሎ የሚሸጠው ወይ መጋረጃ ነው ወይ የመኪና ሽፋን።

«አሥራ አንድ ዓመት ሰው ሳለብስ ኖሬ የራሴን እገዛለሁ? እሰፋለሁ!» አለች።

«ኮሌታ ብቻ ለብሰሽ ልትወጪ ነው?» አላት ባሏ።

«አንተ ቁረጥልኝ እንጂ ሌላውን እደርስበታለሁ።»

ጨርቅ ነበረ። ለመንገድ ጠራጊዎች ታዝዞ፣ ቀለም ቤቱ አብዝቶበት ደንበኛው የመለሰው አንድ ትልቅ ጥቅል ዕቃ ግምጃ ቤት ወድቋል። ቢጫነቱ እንዴት ያለ መሰላችሁ! በመስኮት ያየ አላፊ አግዳሚ «መብራት ረስታችኋል» ብሎ ለጥበቃ ተናግሯል። ንብረት ክፍሉ የሚወስድለት ሰው እየለመነ ነበር።

ቆራጩ ሚስቱን ወለሉ መሐል አቁሞ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣለ።

«ዘጠነኛው ወር ምን ያህል ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ገና አራተኛ ላይ ነኝ።»

ትራስ አምጥቶ በሆዷና በቀሚሷ መሐል ወሸቀው። ራቅ ብሎ አየ። ራሱን ነቀነቀና ሁለተኛ ትራስ ጨመረ።

«በዛ፣ በዛ!»

«የኔ ልጅ ነው፤ አይበዛም።»

ለክቶ ሲጨርስ ደግሞ ትራሶቹን ራሱ ታጠቃቸውና እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ እያለከለከ ቤቱን ዞረ። «ውይ ወገቤን! አንቺ፣ ጫማዬን እሰሪልኝ፤ እግሬን ካየሁት ወር ሆነኝ።» በዚህ መሐል ስኳር ልትወስድ የመጣች ጎረቤት በሩን ከፍታ አይታው፣ ስኳሩን ሳትጠይቅ ተመለሰች። ለሁለት ሳምንት ያህልም በዚያ በር አላለፈችም።

ቅዳሜ ከሥራ በኋላ አለቃውን አስፈቅዶ ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። እጅ የለመደውን ነው የሚሠራ። አንድ ሽፋን ዘረጋ፤ በላዩ ሁለተኛ፤ በላዩ ሦስተኛ፤ እያፏጨ ሠላሳ አደረሰው። አሰመረ። ቢላዋው ጮኸ። ሲጨርስ ነው ቀና ብሎ ያየው። አንድ ሚስት፣ ሠላሳ ቀሚስ።

ሦስቱን ጆንያ ተሸክሞ በር ላይ ሲደርስ ኮሌታ ወገቧን ይዛ ቆማ ነበር።

«ምንድነው ይሄ?»

«ቀሚስሽ።»

«ይሄ ሁሉ?»

«አንዱ ያንቺ ነው።»

«ሃያ ዘጠኙስ?»

ጭንቅላቱን አከከ። መንገዱን ሁሉ መልስ ሲፈልግ ነው የመጣው። «ለሚቀጥሉት ሃያ ዘጠኝ ልጆች። እኔ ሚስቴን በአሮጌ ቀሚስ አላስወልድም።»

ከሰኞ ጀምሮ ፋብሪካው በሙሉ «ሠላሳ» ይለው ጀመር።

በሦስተኛው ቀን የፋብሪካው ዘበኛ ለቅሶ መጡ። ስለ እሳቸው ሌላ መሐላ ብደርብ ደስ ይለኛል፤ ሰው አያምነኝማ። ሃያ ስምንት ዓመት በፋብሪካው በር ላይ፣ ልክ ከሳይረኑ ሥር ቆመው ጆሯቸው ሥራ አቁሟል። ጥግ ላይ ካለው የስፌት መኪና አጠገብ የነበረውን ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። ሻያቸው ላይ አምስት ማንኪያ ስኳር አደረጉ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልወጣቸውም።

ሌላው ግን ያወራል። ኪስና እጅጌ ግድግዳውን ተደግፈው ይንሾካሾካሉ።

«አላለቀሰችም እኮ።»

«ደንግጣ ነው። የኔ እናት እንደዚህ ሆና ከወር በኋላ ነው ያለቀሰችው።»

«ቢሆንም… የሰው ዓይን የለም?»

ኮሌታ ትሰማለች። ልቅሶው ያልመጣላት ለሌላ ሰው የሚለቀስ ስለመሰላት ነው። አለቃው መጥቶ «እንዴት ያለ ዝምተኛ ሠራተኛ ነበር!» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። «ዝምተኛ፤ ጨዋ፤ አፉ ውስጥ ምላስ ያለው አይመስልም።» ዝምተኛ! ቢላዋው ከጠዋት እስከ ማታ ጆሮው ሥር ስለሚጮህ እኮ ነው ፋብሪካ ውስጥ የማያወራው። ቀኑን ሙሉ ያጠራቀመውን ወሬ ተሸክሞ ነበር ቤት የሚመጣው። ከበሩ ጀምሮ ይለቀዋል፤ እጁን እየታጠበ፣ እየበላ፣ ጫማውን እያወለቀ። ከሆዷ ጋር ለብቻው ወሬ ነበረው፤ ጎንበስ ብሎ የፋብሪካውን ሐሜት ሁሉ ይነግረዋል። «እናትህ እንዳትሰማ…» ይላል፣ እሷ እየሰማች።

ያንን ሰውዬ ከእሷ በቀር የሚያውቀው አንድም ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ልትነግራቸው አሰበች። ከየት ትጀምር? ከትራሱ? ሻይ ስትቀዳ ዋለች።

ከራስጌዋ ግድግዳ ላይ፣ በሲባጎ እንደተሰጣ ዓሣ የተንጠለጠሉ ቢጫ ነገሮች ነበሩ። መኝታ ክፍል የገባ ለቀስተኛ ሁሉ ያያቸዋል፤ ምን እንደሆኑ ግን ለመጠየቅ ያፍራል። ኮሌታ ነው፤ ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳኛው ቀሚሱ ላይ ገብቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤት ያለው የስፌት መኪና ከአንድ ጡረተኛ ልብስ ሰፊ የተገኘ፣ በእጅ የሚዞር አሮጌ ነበር። ፋብሪካ ያለው በሞተር ነው፤ በእግር ይረገጣል፤ ሁለት እጅ ለጨርቁ ይተርፋል። ይሄኛው ግን ቀኝ እጅን ይወስዳል፤ መዘውሩን ካላዞሩት አይሄድም። ኮሌታ ደግሞ በአንድ እጅ ጨርቅ መምራት አታውቅበትም። ስለዚህ ባሏ አጠገቧ ወንበር ስቦ መዘውሩን እሱ ያዞራል፤ እሷ በሁለት እጇ ጨርቁን ትመራለች። «ሂድ» ስትለው ያዞራል። «ቁም» ስትለው ይቆማል። ቢያንስ መቆም አለበት።

መጀመሪያ የያዘችው ኮሌታውን ነው፤ የምታውቀው እሱን ስለሆነ። አንዱን ጨረሰች። እጇ ሁለተኛውን አነሳ። ሦስት እሁድ ሙሉ ሰፋች። ቀና ስትል ሠላሳ ኮሌታ ተከምሯል፤ ቀሚስ የለም።

«ምን አድርጌ ነው?» አለች፣ አፏን በእጇ ይዛ።

«አሥረኛው ላይ አይቼሽ ነበር።»

«ታዲያ ዝም ትላለህ!»

«እኔ ሠላሳ ስቆርጥ ያስቆመኝ ሰው አለ?»

ያን ቀን የሳቁትን ሳቅ ጎረቤት ጠብ መስሎት ሊገላግል መጣ። ኮሌታዎቹን በሲባጎ ሰክቶ የሰቀላቸው እሱ ነው። «ይሄ የኛ የጋብቻ ወረቀት ነው» ብሎ።

የቀረውን ስፌት ፋብሪካ ውስጥ በምሳ ሰዓት ተማረችው። እጅጌ ዳቦ በተጠቀለለበት ወረቀት ላይ እጅጌ እንዴት እንደሚገጠም አሳየቻት። ትከሻውን ሌላዋ። በየእሁዱ አንድ አንድ ስፌት ይጨምራሉ። በመጨረሻው እሁድ የቀኙን ጎን ያዙ።

«ሂድ።»

ዞረ።

«ቀስ… ቀስ በል… ቁም! ቁም አልኩህ እኮ!»

«ፍሬኑ አርጅቷል፣ እመቤቴ። መካኒክ ጋ ውሰጂው።»

«ብብቱ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ ለምን ታጠፋለህ?»

«ብብት ሲነካ የማይስቅ መዘውር አይቼ አላውቅም።»

እየተጨቃጨቁ ጨረሱት። ሲያዩት ስፌቱ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል፤ ቀጥ! ሁለቱም ገረማቸው። እሱ እጁን አራገፈ። «እጄ ዛለ። የግራው ለሚመጣው እሁድ።»

ሐሙስ ዕለት ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ጠመኔው በእጁ ነበር። ልቡ ነው አሉ። ከሥሩ ሠላሳ ሽፋን ጨርቅ ስለነበር ሲወድቅ አልተጎዳም፤ ይሄንን ሲነግሯት ድምፃቸው ደስ የሚል ወሬ እንደሚያወራ ሰው ነበር።

በአራተኛው ቀን ለቀስተኛው ሳሳ። በአምስተኛው ቀን ከጎረቤት የተዋሷቸው ወንበሮች አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ተመለሱ፤ ያረፉበት ቦታ ወለሉ ላይ አራት አራት ነጥብ ጥሎ ቀረ። ኮሌታ ጠረገችው፤ አልለቀቀም። ሻይ ሁለት ብርጭቆ ቀዳችና አንዱን ይዛ ቆመች። የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት። መልሳ በራዱ ውስጥ እንዳትገለብጠው ቀዝቅዟል፤ ጠጣችው። ሁለተኛውንም ጠጣች።

ልጁ ሲራገጥ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ወሬ የለመደ ልጅ ነው። አምስት ቀን ሙሉ ማንም አላናገረውም። የፋብሪካ ሐሜት ልትነግረው ፈለገች፤ ከሐሙስ ወዲህ ግን ሐሜቱ ሁሉ ስለ እሷ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት እትዬ የመቃብሩን ድንጋይ ሊያዩ ወጡ። «ፍራሽ ሠሪው ከሰዓት ይመጣል፤ እኔም እደርሳለሁ» ብለው። ቤቱ ጭር አለ። ከዘበኛው በቀር ማንም የለ። መኪናው አጠገብ ካለው ወንበራቸው ላይ ሻያቸውን ያማስላሉ።

ኮሌታ ጆንያውን ጎትታ አወጣች። ቀሚሱን አነሳች። የግራውን ሁለት ጠርዝ አገጣጠመች፣ በመርፌ ቁልፏ ያዘችው፣ መኪናው ሥር አስገባችው። ከዚያ ቁጭ ብላ መዘውሩን አየችው። ሁለቱ እጆቿ ጨርቁ ላይ ናቸው። መዘውሩ ባዶ ነው።

ዘበኛው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉና መዘውሩን ጨበጡት።

«ይተዉ አባባ፣ እኔ እሠራዋለሁ።»

አልሰሙም። አዞሩ። ጨርቁ መሄድ ጀመረ፤ እሷም ተከተለችው። ወገቡ ድረስ ደህና ነበር። ከዚያ ፈጠኑ።

«ቀስ… ቀስ ይበሉ…»

ባሰባቸው። ብብቱ ጋ ስትደርስ ካፏ አመለጣት፤ «ቁም!» ደነገጠች፤ የአባቷ እኩያ የሆኑትን ሰው! «ይቁሙ፣ ይቁሙ አባባ!» አለች ቶሎ ብላ። አንዱንም አልሰሙም። መርፌው እንደ ሰካራም ወደ ግራ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ጠርዙን ስቶ ወጣና እንደገና ገባ። የልጅ ጽሑፍ የመሰለ ስፌት ነው የሆነው። ኮሌታ አየችውና ሳቀች። «ፍሬኑ አርጅቷል» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ሌላ ነገር ሆነ፤ ለቀስተኞቹ ስድስት ቀን የጠበቁት ነገር። ግንባሯን መኪናው ብረት ላይ አድርጋ አለቀሰች። ዘበኛው ሳቁንም ልቅሶውንም አልሰሙ፤ እጅጌው እስኪያልቅ ድረስ አዞሩ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አንስተው ሄዱ።

እትዬ ከፍራሽ ሠሪው ጋር ሲገቡ ኮሌታ ክፍሉ መሐል ቆማ ነበር፤ ከአንገቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ቢጫ።

«ፀሐይ ቤት ውስጥ ነው እንዴ የምትወጣው እዚህ ሰፈር?» አለ ፍራሽ ሠሪው። ከዚያ የማን ቤት እንደሆነ ትዝ ሲለው ኮፍያውን አወለቀ።

«ምንድነው ይሄ?» አሉ እትዬ።

«ልብሴ ነው፣ እትዬ። ሃያ ዘጠኙን ይውሰድ። ይቺ ባለቤት አላት።»

እትዬ ተጠጉ። የቀኙን ስፌት በአውራ ጣታቸው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። የቤቱ ሰው ሁሉ ቀጥ ያለ ነገር ሲያይ የሚያስበው አንድ ሰው ነበር፤ ቆራጩን። ወደ ግራው ዞሩ። «ይሄንንስ ማን ሰፋው? የሰከረ ሰው? ፍቺውና ድገሚው እንጂ፤ ገና ቀን ነው።»

«አይፈታም።»

«ሰው ያየዋል እኮ!»

«ይየው።»

እትዬ ተንፍሰው የሆዷን ፊት ሳብ ሳብ አደረጉት። እጃቸው በቀሚሱና በሆዷ መሐል ገባ፤ ጡጫቸው እንዳለ ተዋጠ። «ይሄ ሁሉ ትርፍ ለምንድነው? ማን ነው እንዲህ አስፍቶ የሚቆርጥ?»

«ስምንተኛውና ዘጠነኛው ወር ነው» አለች ኮሌታ። «እሱ ነው የተወልኝ።»

እትዬ እጃቸውን ከዚያ ውስጥ ሳያወጡ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ፍራሽ ሠሪው ጆንያዎቹን አንድ በአንድ አወጣ። ሦስተኛው ጆንያ በሩ ላይ ሲሰነቀርበት ኮሌታ ራሷ ገፋችለት።

በማግስቱ መቃብሩ ላይ ሁሉም ጥቁር ለብሷል፤ አንዲት ሴት ብቻ ቢጫ። ከሩቅ የመጡ ዘመዶች የትኛው መቃብር እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። «ከሠላሳው አንዱ ነው» አለች ኪስ በሹክሹክታ፤ እጅጌ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ልትገታ ስትሞክር እንባዋ ቀደማት። አለቃው ስለ ዝምተኛው ሠራተኛ ንግግር አደረገ። ኮሌታ ቀጥ ብላ ሰማችው።

እትዬ በግራዋ በኩል ቆመዋል። ከቤት ጀምሮ ከዚያ ጎን አልተለዩም። መዳፋቸው የኮሌታ ጎን ላይ፣ ከብብቷ ዝቅ ብሎ፣ ስፌቱ ጠርዙን ስቶ የወጣበት ቦታ ላይ ነበር። ድንጋዩ ቆሞ ሰው እስኪበተን ድረስ ከዚያ አላነሱትም።

እንግዲህ መጀመሪያ ላይ በቀኝ እጄ ምዬ የለ? እጄን ገና ስለምፈልጋት አንድ ነገር ልናዘዝ። ሠላሳው እውነት ነው። ትራሱም፣ ቢጫውም፣ ሻይ ውስጥ የገባችው የመርፌ ቁልፍም እውነት ናቸው። ዘበኛው ግን የሉም። ያ ወንበር ስድስቱንም ቀን ባዶ ነበር። ብቻዋን እንደተቀመጠች ትቻት ማለፍ አልሆንልህ ቢለኝ ነው አንድ ሽማግሌ ያስቀመጥኩላት፤ ጆሮ የነሳኋቸውም በወሬ እንዳያስቸግሯት ብዬ ነው።

መዘውሩን ያዞረችው ራሷ ናት፤ በቀኝ እጇ እያዞረች፣ በግራዋ እየገፋች። ብብቱ ጋ ስትደርስ «ቁም» አለች፣ ድምፅ አውጥታ። እጇ ቆመ።

ከዚያ «ሂድ» እስክትል ድረስ ሻይዋ በረደ።